የምስል ሳይትማፕ ለውጥ ያመጣል? በራሳችሁ ድረ ገጽ ላይ መፈተሻ መንገድ

ሐዋሳ ውስጥ ፈርኒቸር ቤት ያለው ሰው የሚያውቀው ነገር አለ። ደንበኛ ልኬት ይዞ አይመጣም፤ ምስል ይዞ ነው የሚመጣው። ስልኩን አውጥቶ «እንደዚህ ዓይነት ቡፌ ሥራልኝ» ይላል። ምስሉን ወይ ከቴሌግራም ቻናል አውርዶታል፣ ወይ ጎግል ላይ ሲያስስ አግኝቶታል። ብዙ ጊዜ የቱርክ ወይም የቻይና ሱቅ ምስል ነው። አናጢው ግን ያንኑ ቡፌ አምና ሠርቶ፣ ፎቶ አንስቶ፣ ድረ ገጹ ላይ አስቀምጦታል። ፍለጋ ላይ አልወጣም እንጂ።

ድረ ገጽ የምንሠራ ሰዎች ይሄን ስናይ ቶሎ የሚመጣልን መድኃኒት «የምስል ሳይትማፕ አስገቡ» የሚል ነው። ፕለጊኑን (ድረ ገጹ ላይ የሚጨመረውን ትንሽ ፕሮግራም) እናበራለን። ሰርች ኮንሶል (ድረ ገጻችን ጎግል ላይ እንዴት እንደሚታይ የሚያሳየው የጎግል መሣሪያ) ላይ ፋይሉን እንልካለን። በወሩ ምስሎቹ ፍለጋ ላይ የታዩበትን ቁጥር እናያለን። ከፍ ካለ «ሠራ!» ብለን ለባለቤቱ ስክሪንሾት እንልካለን። ቁጥሩ ከፍ ያለው ግን ጥር ገብቶ፣ ሰርግ በዝቶ፣ ሙሽሮች አልጋና ሶፋ እያሰሱ ቢሆንስ? ሳይትማፑ ባይኖርም ያው ከፍ ይል ነበር።

ከዚህ በታች ያለው አሠራር ሁለቱን ለመለየት ነው። የሚያስፈልጋችሁ የሰርች ኮንሶል መግቢያ፣ ኤክሴል ወይም ጎግል ሺትስ፣ ብዙ የዕቃ ገጽ ያለው ድረ ገጽ እና ትዕግሥት ነው። ምሳሌዬን ሁሉ በፈርኒቸር ቤት አድርጌዋለሁ። ሐይቅ ዳር ላለ ሎጅ ወይም የባህል ልብስ ለሚሸጥ ሱቅም ያው ነው።

ሳይትማፑ ምን እንደሚሠራና እንደማይሠራ

የምስል ሳይትማፕ «በዚህ ገጽ ላይ እነዚህ ምስሎች አሉ» ብሎ ለጎግል የሚናገር የኤክስኤምኤል ፋይል ነው። ጎግል ይህን ማስተዋወቅ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው። ያኔ ለያንዳንዱ ምስል ርዕስ፣ መግለጫ፣ ቦታና የፈቃድ ሊንክ መጻፍ ይቻል ነበር። በ2022 ጎግል እነዚህን አራት መለያዎች መጠቀም አቆመ። የቀረው ምስሉን የሚያቅፈው መለያና የምስሉ አድራሻ ብቻ ነው። ኢንተርኔት ላይ ያሉ የቆዩ ትምህርቶች አሁንም «መግለጫውን በደንብ ጻፉ» ይላሉ። እሱ ላይ ጊዜያችሁን አታጥፉ።

አድራሻ ብቻ የያዘ ፋይል ማድረግ የሚችለው አንድ ነገር ነው። ጎግል ያላገኘውን ምስል እንዲያገኝ ይረዳል። ደረጃ አያሳድግም። ቤታችሁን ለሚያውቅ የባጃጅ ሹፌር ካርታ ብትሰጡት ፈጥኖ አያደርሳችሁም፤ ይሄም እንደዚያው ነው።

ስለዚህ «ሳይትማፕ ይሠራል ወይ?» የሚለው ጥያቄ ለብቻው መልስ የለውም። መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት «ጎግል ያላያቸው ምስሎች አሉኝ ወይ?» የሚለው ነው። ብዙ ሰው ይሄን ዘሎ ወደ ሙከራው ይገባል። ከዚያ አንዱ «ተአምር ነው» ይላል፣ ሌላው «ውሸት ነው» ይላል። ሁለቱም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ። ድረ ገጾቻቸው ይለያያሉና።

አንደኛ፦ ያልታዩ ምስሎችን መፈለግ

አንድ የቡፌ ገጽ ክፈቱ። ከላይ አንድ ትልቅ ፎቶ አለ። ከሥሩ «ተጨማሪ ፎቶ» የሚል ቁልፍ አለ። ቁልፉ ሲነካ አምስት ፎቶ ይመጣል፤ የመሳቢያው እጀታ፣ የእግሩ ቅርጽ፣ የመስታወቱ በር ተከፍቶ፣ ከጎን የታየ፣ ደንበኛው ቤት ከተገጠመ በኋላ። ደንበኛ የሚፈልገው በአብዛኛው እነዚህን ነው። ጎግል ግን ቁልፍ አይነካም። ፎቶዎቹ የሚመጡት ቁልፉ ከተነካ በኋላ በጃቫስክሪፕት ከሆነ፣ ለጎግል የሉም ማለት ነው።

ይህን ለማረጋገጥ ሰርች ኮንሶል ውስጥ «ዩአርኤል ኢንስፔክሽን» ላይ የገጹን አድራሻ አስገቡ። «ቪው ክሮልድ ፔጅ» የሚለውን ክፈቱ። ጎግል ያየው ኤችቲኤምኤል ይመጣል። እዚያ ውስጥ የፎቶውን ፋይል ስም ፈልጉ። በ«አይኤምጂ» (img) መለያ ውስጥ፣ «ኤስአርሲ» (src) ላይ ከተገኘ ጎግል አድራሻውን አግኝቶታል። ከሌለ ወይም ስላይደሩ (ፎቶዎቹን የሚያቀያይረው ክፍል) ብቻ በሚያነበው ሌላ ቦታ ከተቀመጠ አላገኘውም ብላችሁ ያዙት።

በሲኤስኤስ (የገጹን መልክ በሚወስነው ኮድ) የጀርባ ምስል ሆነው የገቡ ፎቶዎችን ለብቻ አውጡ። ጎግል እንደዚህ የገቡ ምስሎችን ኢንዴክስ አያደርግም፤ ማለትም የፍለጋ መዝገቡ ውስጥ አያስገባም። የእነሱ መፍትሔ ሳይትማፕ ሳይሆን በ«አይኤምጂ» መለያ እንደገና ማስገባት ነው።

ሮቦትስ ፋይሉንም (ጎግል የት እንዳይገባ የሚነግረውን ፋይል) እግረ መንገዳችሁን እዩት። የፎቶ ፎልደሩ ተከልክሎ ከሆነ ሌላው ሁሉ ከንቱ ድካም ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ማስረጃ ግን የሰርቨር ሎግ፣ ማለትም ድረ ገጹን ማን መቼ እንደጎበኘ የሚመዘግበው ፋይል ነው። ጎግል ለምስል የተለየ ጎብኚ አለው፤ «ጎግልቦት ኢሜጅ» ይባላል። ከሆስቲንጋችሁ የሎግ ፋይሉን አውርዱና በዚህ ስም አጣሩት። የትኛው ፎቶ መቼ እንደተጎበኘ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ስሙን አስመስለው የሚመጡም ስላሉ የአይፒ አድራሻውን ወደ ስም መልሳችሁ በጎግልቦት ወይም በጎግል ዶሜይን የሚያልቅ መሆኑን አረጋግጡ። አንዳንድ ሆስቲንግ ሎጉን ቶሎ ያጠፋዋል። ሙከራው ከመጀመሩ በፊት ማስቀመጫውን አብሩት፤ ካለፈ በኋላ ማግኘት አይቻልም።

እዚህ ላይ ምስሎቻችሁ በሁለት ይከፈላሉ፤ ጎግል ያያቸውና ያላያቸው። ሁሉም የታዩ ከሆኑ ሙከራውን ብታደርጉትም ምንም ለውጥ ላለማየት ተዘጋጁ። ያልታዩ ብዙ ከሆኑ ግን የሚፈተሽ ነገር አላችሁ።

አንድ ነገር በግልጽ ልበል። ቴምፕሌቱን (የገጾቹን ቅርጽ የያዘውን ኮድ) መንካት የምትችሉ ከሆነ ዋናው መፍትሔ ምስሎቹን በኤችቲኤምኤሉ ውስጥ በአግባቡ ማስገባት ነው። ሳይትማፕ ለዚያ ምትክ አይደለም። ሙከራው የሚጠቅመው ቴምፕሌቱ የሌላ ሰው ሆኖ እጃችሁ ሲታሰር፣ ወይም ለሳይትማፑ ገንዘብ የጠየቃችሁ ሰው ልክ መሆኑን ማወቅ ስትፈልጉ ነው።

ሁለተኛ፦ ገጾቹን ማጣመር

ሰርች ኮንሶል ላይ «ፐርፎርማንስ» ውስጥ ግቡ። «ሰርች ታይፕ» የሚለውን ከ«ዌብ» ወደ «ኢሜጅ» ቀይሩ። ይሄን መርሳት የለባችሁም። «ኢሜጅ» የሚቆጥረው ሰው የምስል ፍለጋ ክፍሉን ከፍቶ ያየውን ነው። ዋናው የፍለጋ ገጽ ላይ በጽሑፍ ውጤቶች መሃል የሚወጡ ምስሎች «ዌብ» ውስጥ ነው የሚቆጠሩት።

ያለፉትን 3 ወራት ምረጡና «ፔጅስ» የሚለውን ዝርዝር ኤክስፖርት አድርጉ። ቁጥሩ የሚመጣው በምስል ሳይሆን ምስሉ ባለበት ገጽ ነው። ስለዚህ የሙከራችን አሃድ ገጽ ነው። «ይቺ ፎቶ ስንት ታየች?» ብላችሁ ብትጠይቁ ሰርች ኮንሶል አይመልስላችሁም።

ሺቱ ላይ ለያንዳንዱ ገጽ የዕቃውን ዓይነት፣ የፎቶ ብዛት፣ ገጹ የወጣበትን ወርና ኢምፕሬሽኑን (ፍለጋ ላይ ስንት ጊዜ እንደታየ) ጻፉ። ከዚያ የሚመሳሰሉትን ሁለት ሁለት አጣምሩ። ቡፌ ከቡፌ፣ ኤል ሶፋ ከኤል ሶፋ፣ ቁም ሳጥን ከቁም ሳጥን። ኢምፕሬሽናቸውም ቢቀራረብ ነው ጥሩው። ምንም ያልታዩ ገጾችንም አትጣሉ፤ ዜሮን ከዜሮ አጣምሩ። ሳይትማፕ ከጠቀመ እነሱን ነው ይበልጥ የሚጠቅመው። በቅርቡ የወጡ ገጾችን ግን ተዉአቸው። አዲስ ገጽ በራሱ ጊዜ ስለሚያድግ ያምታታል።

አሁን ለያንዳንዱ ጥንድ ሳንቲም ወርውሩ። ዘውድ ከወጣ የመጀመሪያው ገጽ ወደ ሙከራ (ምስሎቹ ሳይትማፕ ውስጥ ወደሚገቡለት ቡድን)፣ ሁለተኛው ወደ ማነጻጸሪያ (ወደማይገቡለት)። ጎፈር ከወጣ በተቃራኒው። በእጃችሁ አትምረጡ። ሰው ሲመርጥ ሳያውቀው ቆንጆ ቆንጆውን ለሙከራው ያደላል። ባለቤቱ አጠገባችሁ ካለ ደግሞ ይብሳል፤ «ይቺን ሶፋ አስገባልኝ፣ ትሸጥልኛለች» ይላል።

30 ጥንድ ቢኖር ደስ ይላል። 20 ጥንድም ይበቃል። ከዚያ ካነሰ ከታች መጨረሻ ላይ ወዳለው ክፍል ሂዱ።

መደባለቅን ተጠንቀቁ። አንድ ፎቶ በሁለት ገጽ ላይ ካለ፣ አንዱ ገጽ ሙከራ ሌላው ማነጻጸሪያ ከሆነ፣ ጥንዱን አውጡት። የምድብ ገጾችና መነሻ ገጹም የሁሉንም ዕቃ ፎቶ ስለሚያሳዩ ከሁለቱም ቡድን ውጪ ይሁኑ።

ሦስተኛ፦ ምንም ሳይነኩ ማየት

አራት ሙሉ ሳምንት ምንም አትንኩ። ሁለቱ ቡድኖች አብረው ከፍና ዝቅ ሲሉ ማየት አለባችሁ። ገና ምንም ሳይደረግ አንደኛው ቡድን ብቻውን ወደላይ ከሄደ አጣመሩ ላይ ችግር አለ ማለት ነው። ጥንዶቹን እንደገና ሥሩ፣ ሳንቲሙን እንደገና ወርውሩ። ያለፈው ዳታ እጃችሁ ላይ ስላለ አራቱን ሳምንት መጠበቅም ላያስፈልግ ይችላል። ሰርች ኮንሶል የ16 ወር ዳታ ያስቀምጣል። ያለፈውን ወር አውጥታችሁ በሁለቱ ቡድን ከፍላችሁ ማየት ትችላላችሁ።

ስለ ቀን ትንሽ ነገር። የሰርች ኮንሶል ቀን የሚቆጠረው በካሊፎርኒያ ሰዓት ነው። በኛ አቆጣጠር አዲሱ ቀን የሚጀምረው ከጠዋቱ 4 ሰዓት፣ በእነሱ የብርድ ወራት ደግሞ 5 ሰዓት ላይ ነው። ዳታውም ሁለት ሦስት ቀን ዘግይቶ ነው የሚሞላው። ስለዚህ በቀን አትቁጠሩ፤ በሙሉ ሳምንት ቁጠሩ። የቅዳሜና የማክሰኞ ፍለጋ አንድ አይደለም።

በፍለጋ ቃልም አታጣሩ። ጎግል ጥቂት ሰዎች ብቻ የጻፏቸውን ቃላት ለግላዊነት ሲል ይደብቃል። በቃል ስታጣሩ የተደበቁት ከድምሩ ይወጣሉ። እኛ ጋ ደግሞ ሰው አንዱን ቡፌ በአማርኛ፣ በእንግሊዝኛ ፊደል በተጻፈ አማርኛ፣ በእንግሊዝኛም ስለሚፈልገው ቃሉ ይበታተናል። የተደበቀው ድርሻ ቀላል አይሆንም።

አራተኛ፦ ሁለት ሳይትማፕ መሥራት

አዎ፣ ሁለት። ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው። አዲስ ሳይትማፕ መላክ በራሱ ጎግልን ወደ ገጾቹ ሊጠራው ይችላል። የሙከራ ገጾችን ብቻ ብትልኩ ለውጡ ከምስል መለያው ይሁን ገጾቹ እንደገና ከመጎብኘታቸው አታውቁም። ስለዚህ የመጀመሪያው ፋይል የሙከራ ገጾችን ከነምስሎቻቸው ይይዛል። ሁለተኛው የማነጻጸሪያ ገጾችን ይይዛል፤ የምስል መለያ ግን የለውም። የመጨረሻ ለውጥ ቀኑ በሁለቱም ላይ እውነተኛው ይሁን። ሁለቱንም በአንድ ቀን ላኩ። ልዩነቱ የምስል መለያው ብቻ ይሆናል።

የፋይሉን አጻጻፍ ከጎግል የዴቨሎፐር ገጽ ቅዱ። ከላይ የምስል ማራዘሚያውን የሚያስተዋውቀው መስመር መኖር አለበት፤ ከሌለ መለያዎቹ አይነበቡም። ለያንዳንዱ ገጽ የገጹ አድራሻ ይገባል። ከሥሩ ለያንዳንዱ ፎቶ አንድ የምስል መለያና በውስጡ የፎቶው ሙሉ አድራሻ። ገደቡ ለአንድ ፋይል 50,000 ገጽና 50 ሜጋባይት፣ ለአንድ ገጽ 1,000 ምስል ነው። የትኛውም የሐዋሳ ፈርኒቸር ቤት እዚያ አይደርስም።

የሚያሰናክለው የአድራሻ አለመገጣጠም ነው። ድረ ገጽ መሥሪያው ዎርድፕሬስ አንድ ፎቶ ስትጭኑ በተለያየ መጠን ያባዛዋል። ገጹ ላይ የሚታየው መካከለኛው ከሆነና ሳይትማፑ ውስጥ ዋናውን ትልቁን ከጻፋችሁ ሁለት የተለያየ አድራሻ ነው የነገራችሁት። ገጹ ላይ የሚታየውን አድራሻ ጻፉ። ፎቶዎቹ በሌላ ዶሜይን ላይ ከሆኑ፣ ለምሳሌ በሲዲኤን (ፎቶዎችን ከሌላ ሰርቨር በሚያቀርብ አገልግሎት) ላይ፣ እሱም ይፈቀዳል፤ ያንን ዶሜይንም ሰርች ኮንሶል ላይ አስመዝግቡት።

ዎርድፕሬስ ለምትጠቀሙ አንድ ወጥመድ አለ። ከ5.5 ስሪት ጀምሮ፣ ማለትም ከ2020 ወዲህ፣ ዎርድፕሬስ የራሱ ሳይትማፕ አለው፤ ምስል ግን አይጨምርም። ዮስት የሚባለው ፕለጊን ግን ምስሎችን በራሱ ያስገባል። ራንክ ማት የሚባለው ፕለጊንም ይሄንኑ የሚያበራና የሚያጠፋ ማስተካከያ አለው። ከሁለቱ አንዱ ድረ ገጹ ላይ ካለ የማነጻጸሪያ ቡድናችሁም ቀድሞ ተነግሯል ማለት ነው። የሳይትማፑን ገጽ በብራውዘር ክፈቱ። ከገጾቹ አጠገብ የምስል ብዛት የሚያሳይ ዓምድ ካለ አበቃ፤ በድሮ ገጾች ላይ መፈተሽ አይቻልም። ጎግል የሰማውን አይረሳም። ማጥፋትም አይጠቅምም።

ያኔ ያለው አማራጭ በአዲስ ገጾች መሥራት ነው። ምስል የሚያስገባውን አጥፉ። አዳዲስ ዕቃዎችን ጥንድ ጥንድ አድርጋችሁ በአንድ ቀን አውጡ። አንዱን ከነምስሉ፣ ሌላውን ያለምስል ሳይትማፕ ውስጥ አስገቡ። ከዚያ በሎጉ ላይ ጎግልቦት ኢሜጅ የያንዳንዱን ገጽ ፎቶ ለመጀመሪያ ጊዜ የጎበኘበትን ቀን መዝግቡ። እንዲያውም ይሄኛው ከኢምፕሬሽኑ የጠራ መለኪያ ነው።

ስትልኩ ሰርች ኮንሶል ውስጥ «ሳይትማፕስ» ላይ ነው። በሊንክ ለጎግል «ፒንግ» ማድረግ የሚባለው የድሮ መንገድ በ2023 ተዘግቷል። «ሰክሰስ» የሚል አረንጓዴ ጽሑፍ ሲመጣ ደስ አይበላችሁ። ፋይሉ ተነበበ ማለት ብቻ ነው። ምስሎቹ ኢንዴክስ ገቡ ማለት አይደለም።

አምስተኛ፦ እጅን መሰብሰብ

ሙከራው ስምንት ሳምንት ይቆይ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ከስሌቱ አውጧቸው። ምስል ከጽሑፍ ገጽ ይልቅ ቀስ ብሎ ነው የሚጎበኘው።

በዚህ ጊዜ የፎቶ መግለጫ ጽሑፍ፣ ማለትም ኦልት ቴክስት፣ አታስተካክሉ። ርዕስ አትቀይሩ። ፎቶ አትጭመቁ። ስላይደሩን አታድሱ። የቴሌግራም ቻናላችሁ ላይ የሙከራ ገጾችን ብቻ አታጋሩ። ከባለቤቱ ጋርም አስቀድማችሁ ተስማሙ። በመሃል ደውሎ «ዋጋው ጨምሯል፣ ገጹን አስተካክልልኝ» ቢል ከጥንዱ ሁለቱንም ገጽ በአንድ ቀን አስተካክሉ።

ማስታወሻ ያዙ። ሰርቨሩ የጠፋበትን ቀን ጻፉ። ጎግል የአልጎሪዝም ማሻሻያ ሲያወጣ በሰርች ስታተስ ዳሽቦርዱ ላይ ያሳውቃል፤ ቀኑን ጻፉ። በዓልና ወቅትንም ጻፉ። ለፈርኒቸር ጥርና ከፋሲካ በኋላ ያለው የሰርግ ወቅት ነው ዋናው። ለሎጅ ከሆነ ታኅሣሥ 19 የገብርኤል ንግሥ አለ፣ ፍቼ ጫምባላላ አለ። ያኔ የሐይቁንና የማረፊያውን ፎቶ የሚያስሰው ሰው ይበዛል። ማነጻጸሪያ ቡድን ያስፈለገው ለዚህ ነው። በዓሉ ሁለቱንም ቡድን እኩል ያነሳቸዋል።

ስድስተኛ፦ መቁጠር

ከሎጉ ጀምሩ። በየቡድኑ በጎግልቦት ኢሜጅ የተጎበኙ የተለያዩ ፎቶዎች ስንት ናቸው? የሙከራው ካልበለጠ ከዚያ በኋላ ያለው ቁጥር ሁሉ አጋጣሚ ነው። ምክንያቱም ሳይትማፕ የሚሠራው በዚህ በር ብቻ ነው። ፎቶው ካልተጎበኘ ኢንዴክስ አይገባም፣ ካልገባ አይታይም፣ ካልታየ አይነካም።

ቀጥሎ ኢምፕሬሽን። በምሳሌ እንየው፤ ቁጥሮቹ ለማስረዳት የተፈጠሩ ናቸው። ማነጻጸሪያው ከ800 ወደ 1,000 አደገ። 25 በመቶ ነው። ሙከራው ከ760 ወደ 1,064 አደገ። 40 በመቶ ነው። «40 በመቶ አደግን» ብላችሁ አትሩጡ። ሳይትማፑ ባይኖር ሙከራውም 25 በመቶ አድጎ 950 ይደርስ ነበር። ከ1,064 ላይ 950 ሲቀነስ 114 ነው። የሳይትማፑ ድርሻ 114 ኢምፕሬሽን፣ ማለትም 12 በመቶ ነው። የቀረው የወቅቱ ነው።

ያም 12 በመቶ በአጋጣሚ የመጣ ሊሆን ይችላል። አንድ ሶፋ በድንገት ተፈልጎ ድምሩን ሊያዛባው ይችላል። ስለዚህ ወደ ጥንዶቹ ተመለሱ። በያንዳንዱ ጥንድ የትኛው ገጽ የበለጠ አደገ? እኩል የሆኑትን ጣሉ። ከ30 ጥንድ በ16ቱ ሙከራው ቢበልጥ ምንም አይደለም። በ21 ወይም ከዚያ በላይ ቢበልጥ ግን ልብ ይባላል። ሳንቲም 30 ጊዜ ወርውራችሁ ዘውድ 21 ጊዜ ወይም ከዚያ በላይ የመውጣት ዕድሉ ከ100 ወደ 2 ገደማ ነው። 20 ጥንድ ካላችሁ 15 ላይ ነው ያው ዕድል የሚገኘው። ስታትስቲክስ ያልተማረ ባለቤት እንኳን ይሄን ስትነግሩት ይገባዋል።

ክሊክ ላይ ብዙ አትጨነቁ። በምስል ፍለጋ ሰው ምስሉን አይቶ፣ ስክሪንሾት አንስቶ ይሄዳል። ድረ ገጹ ውስጥ የሚገባው ጥቂት ነው። በትንሽ ድረ ገጽ ላይ ክሊኩ ለንጽጽር አይበቃም።

ውጤቱን ስታነቡ አንዱ ሁኔታ ሰፋ ያለ ማብራሪያ ይፈልጋል። ፎቶዎቹ ተጎብኝተዋል፣ ኢምፕሬሽኑ ግን ንቅንቅ አላለም። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ፎቶው የራስ አለመሆኑ ነው። ብዙ ፈርኒቸር ቤቶች ከቱርክ ካታሎግ ያወረዱትን ፎቶ ነው የሚለጥፉት። ያው ፎቶ በብዙ ድረ ገጾች ላይ አለ። ጎግል ከእነሱ መሃል የእናንተን የሚያወጣበት ምክንያት የለውም። እዚህ ላይ ሳይትማፕ አያድንም። ወርክሾፑ በር ላይ፣ በቀን ብርሃን፣ በስልክም ቢሆን የራሳችሁን ዕቃ አንሱ። ፎቶው የራሳችሁ ሆኖም ካልታየ አጠገቡ ያለውን ጽሑፍ እዩ። ገጹ «ጥራት ያለው ዕቃ፣ ይደውሉልን» ብቻ የሚል ከሆነ ፎቶው የምን እንደሆነ ማን ያውቃል? እንጨቱ ዋንዛ ነው ወይስ ኤምዲኤፍ? ስፋቱ ስንት ነው? እሱን ጻፉ።

ሎጉም ኢምፕሬሽኑም ካልተነሳ ሳይትማፑ ራሱ መነበቡን አረጋግጡ። ተነቦ ከሆነ መልሳችሁ «ለኔ ድረ ገጽ አልጠቀመም» ነው። እሱም ውጤት ነው። ሁለቱም ከተነሱ ወደ ቀጣዩ ሂዱ።

ሰባተኛ፦ ማነጻጸሪያውን ማስገባት

ውጤቱን ማረጋገጥ የሚቻለው መለያዎቹን በማጥፋት አይደለም። ያወቀውን ምስል ጎግል ስላጠፋችሁት አይጥለውም። ይልቅ የማነጻጸሪያ ገጾቹን ምስሎች ሁለተኛው ፋይል ውስጥ ጨምሩ። ከዚያ እንደገና ስምንት ሳምንት። ማነጻጸሪያው ወደ ሙከራው ከተጠጋና በሁለቱ መሃል ያለው ክፍተት ከጠበበ እውነትም ሳይትማፑ ነው። ካልተጠጋ የመጀመሪያውን ውጤት በጥርጣሬ እዩት።

ጥንድ ለማይሞላላቸው

ገጻችሁ 20 ጥንድ ካልሞላ ይሄን ሁሉ አትድከሙ። በ10 ገጽ ላይ የሚገኝ ቁጥር ወዲያና ወዲህ ይላል እንጂ ምንም አይነግራችሁም። ሳይትማፑን ዝም ብላችሁ አስገቡት። ዮስትም ሆነ ራንክ ማት በነጻ ያደርገዋል፣ ጉዳትም የለውም። ለዚህ ብቻ ብሎ ገንዘብ የሚጠይቃችሁ ሰው ካለ ግን በመጀመሪያው ደረጃ የጻፍኩትን ጠይቁት፤ «ጎግል ያላያቸው ምስሎቼ የትኞቹ ናቸው? በሎግ አሳየኝ።»